ሴፍትሪያክሶን ሲከሽፍ፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሆስፒታሎቻችን ለምን በዙ?

የዓለም ጤና ድርጅት ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በላብራቶሪ ከተረጋገጡ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች ከስድስቱ አንዱ የተለመዱት አንቲባዮቲኮች የማይበግሩት ሆኖ ተገኝቷል ይላል። በአፍሪካ ከአምስቱ አንዱ ነው። ለእኛ ሆስፒታሎች የበለጠ የሚቀርበው ግን እዚያው ሪፖርት ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። ኢ. ኮላይ እና ክሌብሲየላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሦስተኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪን የሚባሉትን መድኃኒቶች የመቋቋም መጠናቸው በአፍሪካ ከ70 በመቶ አልፏል።

ስሙ ባዕድ ይመስላል እንጂ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሴፍትሪያክሶን ነው። ዱቄቱ በብልቃጥ መጥቶ፣ ተበጥብጦ፣ በደም ሥር የሚሰጠው መርፌ። በሀገራችን ሆስፒታሎች ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች ላይ በተሠሩ የመድኃኒት አጠቃቀም ጥናቶች በብዛት ታዝዞ የሚገኘው አንቲባዮቲክ ብዙውን ጊዜ እሱው ነው።

በየዓመቱ ከህዳር 9 እስከ 15 ስለዚህ ጉዳይ የግንዛቤ ሳምንት ይከበራል። በሚዲያ የሚደጋገመው መልእክት ሁለት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ፤ ጀምራችሁ አታቋርጡ። መልእክቱ ክፋት የለውም። ችግሩ፣ ሰምቶ የሚሄደው ሰው ነገሩን ሁሉ የገዢውና የፋርማሲው ጥፋት አድርጎ መያዙ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚሆነው ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከፋርማሲው መስኮት ይልቅ የሆስፒታሉ ላብራቶሪና የሆስፒታሉ ቧንቧ ይበልጥ ወሳኞች ናቸው።

የሚላመደው ማን ነው?

"ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል" የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚላመደው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ መድኃኒቱን ባበዛው ሰው ላይ ብቻ በቀረ ነበር። ባክቴሪያው ስለሆነ ግን በዕድሜው አንድ ክኒን ወስዶ የማያውቅ፣ ትናንት የተወለደ ሕፃን ሳይቀር መድኃኒት በተላመደ ጀርም ሊያዝ ይችላል።

ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ተህዋሲ ነው። ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት ሲባዛ ዘረመሉ ላይ ስህተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት ባክቴሪያውን አይጠቅመውም። አንዳንዱ ግን መድኃኒቱን መቋቋሚያ ይሆነዋል። አንቲባዮቲኩ ሲገባ ደካሞቹ ያልቃሉ፤ የተረፈው ሜዳውን ይወርሰዋል።

መቋቋሚያው ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ የገባበትን መድኃኒት መልሶ የሚረጭ ፓምፕ አለው። አንዳንዱ መድኃኒቱ የሚይዘውን የአካሉን ክፍል ይለውጣል። ሆስፒታሎቻችንን ያስቸገሩት ግን በዋናነት መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚያመርቱት ናቸው። ኢንዛይም ሕያው ሕዋስ የሚሠራውና ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. የሚባለው የኢንዛይም ቤተሰብ ፔኒሲሊንንም ሴፍትሪያክሶንንም ይቆራርጣል። ካርባፔኔሜዝ የሚባለው ደግሞ ከዚያ ከፍ ያሉትን፣ እነ ሜሮፔነምን ሳይቀር ያፈርሳል።

ከሁሉም የሚከፋው አዛመቱ ነው። የእነዚህ ኢንዛይሞች መመሪያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዘረመል ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያዎች ይህን ቀለበት ሰው በቴሌግራም ፋይል እንደሚላላከው ይለዋወጡታል። የግድ ዘመዳሞች መሆን የለባቸውም። ክሌብሲየላ ለኢ. ኮላይ ይሰጣል። አንድ ቀለበት ላይ ደግሞ ለሦስትና ለአራት ዓይነት መድኃኒት የሚሆን መከላከያ ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል። አንዱን መድኃኒት ስታበዛ ሌላውንም የማይፈራ ጀርም የምታሳድገው ለዚህ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ለምን ይብሳል?

ሆስፒታል ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። አንቲባዮቲክ ከየትኛውም ቦታ በላይ የሚረጨው እዚያ ነው። ደካማ ሰውነት የተሰበሰበውም እዚያ ነው። የተቀደደ ቁስል፣ የሽንት ቱቦ፣ የደም ሥር መርፌ፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ሁሉም ለጀርም በር ናቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው፣ እግሩ ተሰብሮ የገባ ሰው በሌላ ኢንፌክሽን ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያሻግረው በዋናነት እጅ ነው። የነርሷ፣ የሐኪሙ፣ የተማሪው፣ የአስታማሚው እጅ። አንዲት ነርስ በአንድ ፈረቃ ብዙ ሕመምተኛ ስትይዝ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቧንቧ ደግሞ ግማሹን ቀን ውሃ ከሌለው፣ "እጅሽን ታጠቢ" የሚል ፖስተር መለጠፍ ብዙም አይፈይድም። አሲኔቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በደረቅ ገጽ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። የአልጋ ብረት፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ይበቃዋል። ክሌብሲየላ ደግሞ እርጥብ ነገር ይወዳል። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ የአክታ መሳቢያ ማሽን፣ ለብዙ ሕፃናት በጋራ የሚቀዳ የግሉኮስ ከረጢት።

ጤና ሚኒስቴር ንጹሕና ለታካሚ ምቹ የሆኑ ሆስፒታሎችን ለመፍጠር ከአሥር ዓመት በፊት ዘመቻ ጀምሮ ነበር። በብዙ ቦታ ግቢው ተውቧል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ ወለሉ ታጥቧል። በዓይን የሚታየው ንጽሕናና ኢንፌክሽን የሚከላከለው ንጽሕና ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሚለካው በእጅ አልኮል ፍጆታ፣ በዕቃ ማምከኛው የሙቀት መዝገብ፣ በአልጋዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። በትግራይ ጦርነት ወቅት የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ጓንት አጥበው ደግመው እስከመጠቀም ደርሰው እንደነበር ተናግረዋል።

ድንበርም አያግደውም። ኤን.ዲ.ኤም. የሚባለው ካርባፔኔሜዝ መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ2008 ሕንድ ታክሞ ወደ ስዊድን ከተመለሰ ሰው ነው። ከእኛም ሀገር ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ቱርክ የሚሄደው ሰው ቀላል አይደለም። በኔዘርላንድስ ከውጭ ሀገር ሆስፒታል የመጣ ታካሚ ሲገባ ለብቻው ተደርጎ ይመረመራል። አምስተርዳም ወይም ሮተርዳም ያለ ሐበሻ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ሲናገር ለብቻ ክፍል ቢሰጡት ንቀት አይደለም። ለማንም የሚያደርጉት ነው።

አራት ቀን የሚፈጅ መልስ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሐኪም ትኩሳት ያለበትን ሕመምተኛ ሲያይ የትኛው ባክቴሪያ እንደያዘው በዓይኑ ማወቅ አይችልም። መጀመሪያ በግምት ይጀምራል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ በየትኛውም ሀገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ናሙና ወስዶ መልሱ ሲመጣ መድኃኒቱን የሚያስተካክል አለ። መልስ የማይመጣለት አለ።

ያ ምርመራ ካልቸር ይባላል። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ቆዳው በአልኮልና በአዮዲን በደንብ ይጠረጋል። ካልተጠረገ የቆዳው ባክቴሪያ ይገባና መልሱን ያበላሸዋል። ከአዋቂ ሰው ወደ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳና ባክቴሪያ የሚያሳድግ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል። ጠርሙሱ በሰውነት ሙቀት መጠን ይቀመጣል። ባክቴሪያ ካለ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይታያል። ከዚያ ጠብታው አጋር በሚባል፣ የበግ ደም በተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ይዘራል። ሌላ ሌሊት ያልፋል። የበቀለው ተለይቶ ይታወቅና በሌላ ሳህን ላይ ይለቀለቃል፤ በላዩም በመድኃኒት የተነከሩ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ወረቀቶች ይደረደራሉ። በማግስቱ ባለሙያው ማስመሪያ ይዞ በየወረቀቱ ዙሪያ ባዶ የሆነውን ክብ ይለካል። ብዙ ላብራቶሪዎች በሚከተሉት የአሜሪካ መመዘኛ፣ በክሌብሲየላ ሳህን ላይ የሴፍትሪያክሶን ክብ 23 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል። 19ና ከዚያ በታች ከሆነ አይሠራም።

በአጠቃላይ ሦስት አራት ቀን ነው። ምርመራው ሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ መሠረታዊ ዘዴው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ሰንሰለት ነው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል። የመድኃኒት ወረቀቶቹ ፍሪጅ ይፈልጋሉ። ጠርሙሱ፣ አጋሩ፣ ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዶላር ይፈልጋል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እንዲህ ያለ ዕቃ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደሚንር መገመት አይከብድም። አንዱ ሲጎድል ምርመራው ይቆማል። ካልቸር የሚሠሩት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ፣ የሪፈራልና የክልል ላብራቶሪዎች ናቸው። ወረዳ ላይ ያለ ሆስፒታል የሚሠራው በልምድ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ14 የአፍሪካ ሀገሮች የተሠራ ትልቅ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ባትካተትበትም፣ ከ50,000 ገደማ ላብራቶሪዎች ባክቴሪያ የሚመረምሩት 1.3 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ላብራቶሪ ከሌለ የሐኪሙ ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሕመምተኛው እንዳይሞትበት ሰፊ ጀርም የሚመታውን መድኃኒት ይመርጣል። ሴፍትሪያክሶን በዚህ ነው የሁሉም በሽታ መጀመሪያ የሆነው። ለሳንባ ምች፣ ለሽንት ቧንቧ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ "ለጥንቃቄ"። ካልሠራ ሜሮፔነምና ቫንኮማይሲን ይጨመራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይመድባቸዋል፤ ለዘወትር የሚሆኑ፣ በክትትል የሚሰጡ፣ ለመጨረሻ የሚጠበቁ። ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው ምድብ ነው። እኛ ጋ እንደ መጀመሪያው እየተሰጠ ነው። ሐኪሙን መውቀስ ቀላል ነው። ግን የዳበሳ ሕክምና ውስጥ የገባው ወድዶ አይደለም።

70 በመቶ ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የታተሙ ጥናቶችን ያየ ሰው ይደነግጣል። ከታካሚ የተገኙት ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር በአብዛኛው ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋሙ ናቸው። ይሁንና ካልቸር ውድና ብርቅ ሲሆን ማን ይላካል? ሦስት መድኃኒት ሞክሮ ያልዳነው፣ ከሌላ ሆስፒታል በሪፈር የመጣው፣ ሳምንታት የተኛው። በቀላሉ የዳነው ሰው ናሙና አይሰጥም፤ ከቁጥሩም የለም። ስለዚህ መቶኛው ከእውነታው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅኝታቸው ደካማ በሆነ ሀገሮች የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር በከፊል ከዚህ ሊመጣ እንደሚችል ይቀበላል።

"እንግዲያው ተጋንኗል" የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የከፊል እውነት አላቸው። በዚያ መቶኛ ተመርቶ ሴፍትሪያክሶንን ከገጠር ጤና ጣቢያ ማንሳትና ሁሉንም ሰው በሜሮፔነም መጀመር ጥፋት ይሆናል። በሌላ በኩል ግን፣ ከባዱ ሕመምተኛ የሚሞተው በዚያው ባክቴሪያ ነው። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ላለ ሐኪም ቁጥሩ ትክክለኛ ነው፤ ፊቱ የተኛው ያው ሕመምተኛ ነውና። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተመረጡ ላብራቶሪዎች ብሔራዊ ቅኝት ያካሂዳል። ቅኝቱ ሲሰፋና ቀላሉም ሕመምተኛ ሲመረመር መቶኛው መውረዱ አይቀርም። ያኔ "ችግሩ ቀነሰ" ብለን እንዳንሳሳት ከወዲሁ ማወቅ ይሻላል።

ጨቅላ ሕፃናቱ

ዳፋው ከሁሉ በላይ የሚያርፈው አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሦስት ዓመት በፊት በነበረው ዳሰሳ 29 ነበር። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የደም መመረዝ ነው፤ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ መላ ሰውነትን ሲያናውጥ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የቆየ ሕክምና አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ። ባርናርድስ የተባለ፣ በሰባት የአፍሪካና የእስያ ሀገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ ጥናት ግን ይህን ጥምረት ጥያቄ ውስጥ ከትቶታል። በኢትዮጵያ የተሳተፈው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነበር። ቀዳሚው የሕፃናቱ ጠላት ክሌብሲየላ ኒሞኒያ ሆኖ ተገኘ። ከተገኙት የዚህ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ አምፒሲሊንን ይቋቋማሉ። ጄንታማይሲንም በብዙዎቹ ላይ አልሠራም።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ ይላል፤ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው መድኃኒት ይሰጠዋል። ለውጥ ሲጠፋ ወደ ሜሮፔነም ይኬዳል። የሆስፒታሉ ፋርማሲ የለውም። ለአባት ወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፤ "ከውጭ ግዙ"። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለሳምንትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ቢሆንም፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተገኘን መድኃኒት መድኑ ሁልጊዜ አይሸፍንለትም። ገንዘቡ በሦስተኛው ቀን ካለቀ ሕክምናው እዚያ ይቆማል። አቋርጦ መተው ሲባል የምናስበው ግድ የለሽ ሰውን ነው። እንዲህም ይቋረጣል።

እንግዲህ ፋርማሲውስ?

ነጻ አይደለም። በሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። በተግባር ግን ሰው "ሲፕሮ ስጠኝ" ብሎ ገብቶ ይዞ ይወጣል። ደንበኛ መስለው የገቡ አጥኚዎች በተለያዩ ከተሞች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አሞክሲሲሊን ምንም አያደርግለትም። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስም አለ። በኮንትሮባንድ የሚገባው፣ መጠኑ የጎደለ ወይም የተመሳሰለ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያውን ሳይገድል የሚያለማምድ ነው። በእንስሳት በኩልም ቴትራሳይክሊን በገበያ ይሸጣል፤ ከብቱ ከታከመ በኋላ ወተቱ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቁጥጥር ይጥበቅ የሚለው ወገን ክርክሩ እዚህ ላይ ይቆማል። ሌላው ወገን ደግሞ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ሰው ከፋርማሲው ሌላ ምን አለው ይላል። በድሃ ሀገር መድኃኒት አጥቶ የሚሞተው ሰው መድኃኒት አብዝቶ ከሚጎዳው ያንሳል ብሎ መናገር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የስምንት ሀገሮች ጥናት፣ ኬንያና ግብፅ ያሉበት፣ ካርባፔነም (የእነ ሜሮፔነም ቤተሰብ) በማይበግረው ባክቴሪያ ከተያዙት ሰዎች ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 6.9 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገምቷል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት እነ ሲፕሮና አዚትሮማይሲን ያለ ማዘዣ የሚሸጡበት የከተማ መስኮት ይመስለኛል። በገጠር ግን ጤና ኬላው ሳይሟላ መስኮቱን መዝጋት ሌላ ጣጣ ነው።

በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር እናንሳ። "ጀምረህ አታቋርጥ" የሚለው ምክር ራሱ እየተከለሰ ነው። ደም ውስጥ በገባ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ትልቅ ሙከራ፣ ለአብዛኛው ታካሚ የ7 ቀን ሕክምና ውጤቱ ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። አጭሩ ሕክምና ባክቴሪያን የመላመድ ዕድል ያነሰ ይሰጠዋል። ይህ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው። ቲቢ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱን ማቋረጥ አይሞከርም።

አዲስ መድኃኒት ቢመጣስ?

ተስፋው ቀጭን ነው። አዲስ አንቲባዮቲክ ሲገኝ ለመጨረሻ ተብሎ ይቀመጣል። ካልተሸጠ ደግሞ ያገኘው ኩባንያ ይከስራል። አካዎጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቅዶለት በ2019 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ሐኪሞች በየቦታው ወደ ኮሊስቲን የተመለሱትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ኩላሊት ስለሚጎዳ ገለል ተደርጎ የነበረ መድኃኒት ነው። እሱንም የሚያመክን ዘረመል በፕላዝሚድ ላይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ውስጥ ከአሳማዎችና ከሰዎች ተገኘ።

መመለስ ይቻላል?

ይቻላል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ካርባፔነም የማይበግረው ክሌብሲየላ በሆስፒታሎች በፍጥነት ተዛመተ። በመጋቢት 2007 ጤና ሚኒስቴሩ ጣልቃ ገባ። የተያዘው ታካሚ ሁሉ በየቀኑ ለማዕከል እንዲመዘገብ፣ ለብቻው እንዲተኛ፣ የራሱ ነርሶች እንዲመደቡለት ታዘዘ። በወር ከ100,000 የታካሚ ቀናት (አንድ ታካሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ ተብሎ ይቆጠራል) 55.5 የነበረው አዲስ ተያዥ በአንድ ዓመት ከጥቂት ጊዜ ወደ 11.7 ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተጠቀሙም። የሠራው የተያዘውን ለብቻ ማድረግና ማን እንደተያዘ ለይቶ የሚያውቅ ላብራቶሪ ነው።

ያንን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው ለተኛበት ሆስፒታል የብቻ ክፍል ቅንጦት ነው። ነገር ግን ርካሽ ክፍሎቹ ይቻላሉ። የእጅ አልኮል እዚሁ ይሠራል፤ በኮቪድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር አምርተው አሳይተዋል። የላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣቸው ተከታታይ ጥናቶች በድሃና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች የጤና ተቋማትን ኢንፌክሽን መከላከል ብቻ በማሻሻል በዓመት እስከ 337,000 ሞት ማስቀረት ይቻላል ብለው ገምተዋል። የመጠጥ ውሃና ንጽሕና 247,800፣ ክትባት 181,500 ይጨምራሉ። ክትባት እዚህ ውስጥ መግባቱ ለብዙ ሰው ይገርማል። ያልታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ አይፈልግም።

ጥያቄው ገንዘቡ ነው። የላብራቶሪ ሥራው ለዓመታት በውጭ እርዳታ ትከሻ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ብሪታኒያ በአፍሪካና በእስያ ላብራቶሪዎችን የሚደግፈውን ፍሌሚንግ ፈንድ እንደምታቆም አስታወቀች። የመድኃኒት መላመድን ለመከላከል የወጣው የኢትዮጵያ ሦስተኛው ብሔራዊ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የተዘረጋ ነበርና ጊዜው አልቋል። ቀጣዩ እቅድ ሲወጣ መታየት ያለበት የበጀት ሰንጠረዡ ነው። የካልቸር ጠርሙስና የመድኃኒት ወረቀት ከመንግሥት በጀት የሚገዛ ቋሚ ዕቃ ሆኖ ገብቷል ወይስ "ከአጋር ድርጅቶች ይጠበቃል" የሚለው መስመር ላይ ቀርቷል?

እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ መድኃኒት መላመድ የጸደቀው መግለጫ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ በሁሉም ሀገሮች ሁሉም የጤና ተቋማት መሠረታዊ የውሃና የንጽሕና አገልግሎት እንዲኖራቸው ይላል። ከሀገሮቹም ቢያንስ 80 በመቶው ዋና ዋና ጀርሞችን መርምረው መላመዳቸውን ማወቅ እንዲችሉ ይጠይቃል። ለማስጀመሪያ የተጠየቀው ገንዘብ ለዓለም በሙሉ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው።